እጅ ከማውጣት በፊት ያለው ሥራ

የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ጉባኤውን አካሂዶ በተነሣ ማግሥት፣ በታክሲ ወረፋም ሆነ በቡና መጠጫ ቤት፣ በመሥሪያ ቤት ደጃፍም ሆነ በለቅሶ ድንኳን ሥር፣ ከብዙ ሰው አፍ የሚወጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እነዚህ ተመራጮች እጅ ከማውጣት በቀር ምን ይሠራሉ?» የሚለው ነው። ጠያቂዎቹ ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ ግብራቸውን የሚከፍሉ፣ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቁ፣ ለአንድ ማኅተም ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲመላለሱ የሚውሉ፣ ለከተማቸው የሚቆረቆሩ ዜጎች ናቸው። በቴሌቪዥን የሚያዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ «የምትደግፉ?» ሲባል እጅ ሁሉ በአንድነት ከፍ ሲል፣ «የምትቃወሙ?» ሲባል አዳራሹ ጸጥ ሲል፣ ቀጥሎም «ጸድቋል» ተብሎ ጭብጨባ ሲከተል ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተደረገውን ሁሉ ከንቱ ልማድ አድርገው ቢቆጥሩት የሚያስወቅሳቸው አይሆንም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው በቅሬታው እውነት ያለበትን ያህል በሚያነጣጥርበት ስፍራ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ብዙው ሰው ምክር ቤት ሠራ የሚለው ተመራጮቹ ሲሟገቱ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል፣ አንዱ ሌላውን ሲረታ ነው፤ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ሲያጸድቁ፣ የዕለቱን አጀንዳ ሲወስኑ፣ ረቂቅ አዋጅ ለቋሚ ኮሚቴ ሲመሩ፣ የኦዲተሩን ሪፖርት ሲሰሙ ሲያይ ግን ጊዜያቸውን በከንቱ እንዳሳለፉ ይቆጥራል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የምክር ቤት ሕይወቱ ያለው በእነዚሁ ተራ በሚመስሉት ተግባራት ውስጥ ነው እንጂ ድምፅ በሚሰጥባት ቅጽበት አይደለም፤ ምክር ቤታችንም የሚወቀስበት ነገር ካለ፣ የዘወትር ሥራ ስለ በዛበት ሳይሆን የዘወትር ሥራውን ነዋሪው ሊከታተለው በማይችል አኳኋን ስለሚያከናውን ነው።

በአንድ ጉባኤ ቀን የሚሆነው

ጉባኤው ሲከፈት አስቀድሞ የሚረጋገጠው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ነው፤ ምክር ቤቱ ካሉት 138 ወንበሮች ከግማሽ በላይ የሆኑት አባላት ካልተገኙ የሚደረገው ውሳኔ ሁሉ በሕግ ፊት ዋጋ አይኖረውም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ያለፈው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ነው። ቃለ ጉባኤው ለአባላት አስቀድሞ ታድሏል፣ ማስተካከያ ያለው አባል ካለ ይጠየቃል፣ ማስተካከያ ከሌለ ይጸድቃል፤ ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ስለሚያልቅ የቴሌቪዥን ካሜራ እንኳ አይቆምበትም። ነገር ግን የአንድ ቢሮ ኃላፊ ባለፈው ጉባኤ ቆሞ «በዚህ ሰፈር የተጀመረው የጎርፍ መውረጃ ክረምቱ ሳይገባ ይጠናቀቃል» ብሎ ቃል ገብቶ ቢሆንና ያ ቃል በቃለ ጉባኤው ላይ «የጎርፍ መውረጃ ሥራዎች ትኩረት ተሰጥቷቸው በመሠራት ላይ መሆናቸው ተገልጿል» ተብሎ ቢጻፍ፣ ኃላፊው ከተጠያቂነት ያመለጠው በክርክር ረትቶ አይደለም፤ በጸሐፊው ብዕር ነው። ክረምቱ ገብቶ ውሃው ወደ ቤቶቹ ሲዘልቅ፣ «ቃል ገብተህ አልነበረምን?» ብሎ የሚጠይቀው ተመራጭ በእጁ የሚይዘው ማስረጃ አይኖረውም። ስለዚህ በጸጥታው መካከል እጁን አንሥቶ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ በዚህ ገጽ ላይ የሰፈረው በዕለቱ የተባለውን አይገልጽም፤ ቀኑ ተለይቶ ተነግሮ ነበር» የሚል አንድ ተመራጭ፣ በአደባባይ ለአንድ ሰዓት ከሚናገረው ሰው ይልቅ መራጮቹን አገልግሏል። በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ተከራክረው የወሰኑት ነገር ከብዙ ምዕት ዓመታት በኋላ ለእኛ የደረሰው ቀኖናው በጽሑፍ ስለ ጸና ነው፤ የጉባኤ ቃል ካልተጻፈ፣ ተጽፎም ካልታረመ፣ ከተናጋሪው ትንፋሽ ጋር አብሮ የሚጠፋ ነው።

ሁለተኛውና ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ሥራ ረቂቅ አዋጅን ለቋሚ ኮሚቴ መምራት ነው። አስፈጻሚው አካል ያዘጋጀው ረቂቅ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ ስለ ዓላማው ጥቂት ማብራሪያ ይሰጣል፤ ከዚያም ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ ይመረምራል፤ አስረጂዎችን ይጠራል፤ ሕዝብ የሚወያይበትን መድረክ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻም የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ወደ ምልዓተ ጉባኤው ይመለሳል። እንግዲህ በአዳራሹ ውስጥ እጅ ሲወጣ የምናየው፣ ትግሉ ካለቀ በኋላ ያለውን ነገር ነው፤ በሙሉ ድምፅ መጽደቁ ብቻውን ምክር ቤቱ መሥራቱንም አለመሥራቱንም አያስረዳም። በኮሚቴው ዘንድ በብርቱ ተመርምሮ፣ የሚጎዳው አንቀጽ ተሰርዞ፣ የጎደለው ተጨምሮ የመጣ ረቂቅ ሁሉንም አስማምቶ በሙሉ ድምፅ ሊያልፍ ይችላል፤ ማንም ሳያነበው የመጣ ረቂቅም እንዲሁ በሙሉ ድምፅ ያልፋል። ሁለቱን የሚለይ አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ ወደ ኮሚቴው የገባውን ረቂቅና ከኮሚቴው የወጣውን ረቂቅ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር። በሁለቱ መካከል ከጥቂት ፊደላትና ከሰረዞች በቀር ልዩነት ካልተገኘ፣ የሕዝቡ ቅሬታ በእውነት ላይ የቆመ ነው ማለት ነው፤ አንቀጾች ተለውጠው፣ ቅጣቶች ተቃልለው፣ የይግባኝ መንገድ ተጨምሮ ከተገኘ ግን፣ ካሜራ ባልነበረበት ክፍል ውስጥ ሥራ ተሠርቷል። ሕዝቡም ጋዜጠኛውም መጠየቅ የሚገባቸው ይህን ነው፤ እስከ ዛሬ ግን የጸደቀውን አዋጅ በአዲስ ነጋሪ ጋዜጣ ላይ ፈልጎ የሚያነብ ቢኖር እንኳ፣ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጋር አስተያይቶ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው።

የበጀቱን ነገር ደግሞ በቁጥር እንመልከተው። የከተማው አስተዳደር የበጀት ዘመን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራልና፣ ምክር ቤቱ በሰኔ ማብቂያና በሐምሌ መግቢያ ገደማ የዓመቱን የሥራ ክንውን ሰምቶ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ያጸድቃል። ለ2016 የጸደቀው 140 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ ለ2017 የጸደቀው ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ የጨመረው ብቻ ወደ 90 ቢሊዮን ብር ይጠጋል። የ2017ቱን በጀት ለ138ቱ ወንበሮች ብናካፍለው፣ እያንዳንዱ ተመራጭ ከ1 ቢሊዮን 600 ሚሊዮን ብር በላይ ለሆነ የሕዝብ ገንዘብ እጁን አንሥቷል ማለት ነው። ይህን የሚያህል አደራ የተቀበለ ሰው፣ መደበኛውን ወጪ ከካፒታሉ ለይቶ፣ የክፍለ ከተሞቹን ድርሻ አነጻጽሮ፣ መጠባበቂያው ለምን እንደዚህ በዛ ወይም አነሰ ብሎ፣ ባለፈው ዓመት ተፈቅዶ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ ጠይቆ ለመወሰን ብዙ ቀን የሚወስድ ንባብ ያስፈልገዋል። ንባቡ በጉባኤው ቀን ሊሆን አይችልም፤ ከጉባኤው አስቀድሞ በኮሚቴ ውስጥ ይሆናል ወይም ጨርሶ አይሆንም። ከበጀቱ ጋር ተያይዞ የሚቀርበው የዋናው ኦዲተር ሪፖርት ደግሞ የዚሁ ሥራ ሁለተኛ ክንፍ ነው። ኦዲተሩ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ የተደረገው፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ወገን ሒሳቡን ራሱ ለራሱ እንዳያስረክብ ነው። ሪፖርቱ ያልተወራረደ ሒሳብን፣ ደንብን ያልተከተለ ግዥን፣ በወቅቱ ያልተሰበሰበ ገቢን በዝርዝር ሲያቀርብ አሰልቺ ይሆናል፤ ቢሆንም ከዓመቱ ጉባኤዎች ሁሉ አንድን ብቻ ተከታተል የተባለ ነዋሪ ቢኖር፣ ይህንኑ እንዲመርጥ እመክረዋለሁ።

ሹመትን ማጽደቅም ከዘወትሩ ሥራ አንዱ ነው። የከተማዋ ፍርድ ቤቶች ዳኞች የሚሾሙት በምክር ቤቱ ነው፤ የቀበሌ ቤት ክርክር ወይም የወራሽነት ማረጋገጫ ጉዳይ ያለው ሰው፣ በስም ዝርዝር ንባብ ያለፈችው ያች ሩብ ሰዓት ለእርሱ ምን ያህል ክብደት እንዳላት ያውቃል።

ማዘጋጃ ቤቱ ያለፈበት መንገድ

ይህ ሥርዓት ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ያሻል፤ ምክንያቱም ዛሬ ተራ ልማድ የሚመስለን ነገር በዚህች ከተማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቋርጧል። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በምኒልክ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሲቋቋም የተመረጠ ጉባኤ አልነበረውም፤ ኋላም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መባቻ ማዘጋጃ ቤቱን ከመሩት መካከል እንደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያሉ ሊቃውንት ቢገኙም፣ ሥልጣኑ ከላይ የተሰጠ እንጂ ከነዋሪው የመነጨ አልነበረም። በ1937 ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 የምክር ቤትን ነገር በሕግ አስገባ፤ ያም ቢሆን መምረጥና መመረጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ላላቸው የተወሰነ በመሆኑ፣ በኪራይ የሚኖረው እጅግ ብዙው ሕዝብ ከደጅ ቀረ። በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራውና በ1957 ተመርቆ የተከፈተው፣ እስከ ዛሬም ከቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ቆሞ ከተማዋን ቁልቁል የሚያየው የማዘጋጃ ቤት ሕንጻ፣ አዳራሹ ሰፊ ሳለ በዚያ የሚወከለው ሕዝብ ጥቂት የሆነበት ዘመን ቅርስ ነው።

የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ በየቀበሌው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቁሞ ባለ ንብረት ያልሆነውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስብሰባ አስገባው፤ ነገር ግን ስብሰባው በፍጥነት የዘመኑ ፖለቲካ መሣሪያ ሆነና ሰው ስብሰባ የሚለውን ነገር በፍርሃት ያየው ጀመር። ዛሬ በብዙ ነዋሪ ልብ ውስጥ ያለው የስብሰባ ጥላቻ፣ በእኔ ግምት፣ አንዱ ሥሩ ከዚያ ዘመን የተተከለ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው ደነገገ፤ በ1995 የወጣው የተሻሻለው ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ ምክር ቤቱን፣ ከንቲባውን፣ ካቢኔውን፣ የዳኝነት አካላቱንና ኦዲተሩን በየሥልጣናቸው ለይቶ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የብዙዎቻችን ትዝታ ይመሰክራል፤ በ1997 ምርጫ ከ138ቱ ወንበሮች 137ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት አሸንፎ ሳለ ያ ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ቀረ፤ ከተማዋ እስከ 2000 በባለ አደራ አስተዳደር ቆየች፤ በ2010 ደግሞ የምክር ቤቱ ዘመን ሲያበቃ ምርጫው ስለ ተላለፈ የሥራ ጊዜው በሕግ ተራዘመ፤ ከዚያ የተከተለው ምክር ቤት የተመረጠው በ2013 ነው፤ በ2014 መግቢያም ተሰብስቦ ወይዘሮ አዳነች አቤቤን ከንቲባ፣ ወይዘሮ ቡዜና አልከድርን አፈ ጉባኤ አድርጎ መርጧል። የተመረጠ ምክር ቤት በሌለባቸው ዓመታት ጎዳና ይጠረግ ነበር፤ ውሃም ይከፋፈል ነበር፤ ያልነበረው ነገር ነዋሪው ራሱ በመረጠው ጉባኤ ፊት ቆሞ ሒሳብ የሚያስረክብ ሹም ነው።

የሚቃወሙት ወገኖች

አቋሜን የሚቃወሙ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ብርቱ ነገር የፓርቲውን ነው። «ወንበሩን ከሞላ ጎደል አንድ ፓርቲ በያዘበት ምክር ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ ታረመ አልታረመ፣ ረቂቅ ለኮሚቴ ተመራ አልተመራ ምን ይለውጣል? ውሳኔው አስቀድሞ በፓርቲው ቤት አልቋል» ይላሉ። ይህ ቸል ሊባል የማይገባው ክርክር ነው፤ እውነትም አለበት። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ሊመዘኑ ይገባል። አንደኛው፣ የምርጫ ሥርዓታችን በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘውን ወገን ብቻ አሸናፊ የሚያደርግ በመሆኑ፣ የከተማው ስሜት ወደ አንድ ወገን ባዘነበለ ጊዜ ሁሉ ወንበሩ ሙሉ በሙሉ ወደዚያው ይገለበጣል፤ በ1997 ያሸነፈው የተቃዋሚ ወገን ገብቶ ቢሆን ኖሮ እርሱም 137 ወንበር ይዞ አንድ ብቻ ተፎካካሪ ይኖረው ነበር። ስለዚህ ተቃራኒ ፓርቲ እስኪመጣ ድረስ ሥርዓቱ ይተኛ ማለት፣ በዚህ የምርጫ ሕግ ሥር ምክር ቤቱ ለዘላለም ይተኛ እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ፓርቲ ስለ አዋጁ መንፈስ ይወስን ይሆናል እንጂ፣ የትኛው ሰፈር የትኛው መንገድ እንደ ተቋረጠበት፣ የትኛው ጤና ጣቢያ መድኃኒት እንዳጣ ከተመራጩ የተሻለ አያውቅም፤ የአንድ ፓርቲ አባላት የሆኑ ተመራጭና የቢሮ ኃላፊ ስለ አንድ የተበላሸ የውሃ መስመር ቢጠያየቁ ፓርቲያቸውን አይከዱም። ይህን ያህል ከታወቀ፣ ያልተጠየቀው ጥያቄ ሁሉ በፓርቲ ዲሲፕሊን ሊሳበብ አይገባም።

ሌሎች ደግሞ የፍጥነትን ነገር ያነሣሉ። ከተማዋ በጥድፊያ በምትለወጥበት ዘመን፣ በኮሪደር ልማቱ ጎዳናዎች በወራት ውስጥ መልካቸውን ሲቀይሩ በሚታይበት ጊዜ፣ ረቂቅ ይመራ፣ ኮሚቴ ይመርምር፣ ሕዝብ ይወያይ ማለት ሥራን ማጓተት ነው ይላሉ። የከተማው ችግር የተከማቸ መሆኑን፣ ዝግተኛ አስተዳደር ስንት ዓመት እንዳስከፈለን እኔም አልክድም። ግን ሥርዓትን በመዝለል የተቆጠበው ጊዜ ኋላ በሌላ መንገድ ተመልሶ እንደሚከፈል በቅርቡ አይተናል። መሠረቱ የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 የሆነው የቤት ግብር፣ ነዋሪው የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚለው፣ በ2015 ተመኑ ሲከለስ፣ ሰው የተቆጣው በገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም፤ «ይህን የወሰነው ማን ነው? በየትኛው ሥልጣን? በየትኛው ጉባኤ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንድ የግብር ክለሳ በግልጽ በአጀንዳ ተይዞ፣ በኮሚቴ ተመርምሮ፣ ባለ ቤቶችና ተከራዮች ተሰምተው፣ በምክር ቤት ክርክር ጸድቆ ቢሆን፣ ከፋዩ ስለ ብዛቱ ያማርር ይሆናል እንጂ ስለ ሕጋዊነቱ ወደ ችሎት የሚሄድበት ምክንያት ይጠብበት ነበር። ለኮሚቴ ምርመራ የሚውሉት ጥቂት ሳምንታት ከዓመታት ሙግት ጋር ሲመዘኑ ርካሽ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የምቃወመው ግን «ሕዝቡ ራሱ ለእንዲህ ያለው ዝርዝር ትዕግሥት የለውም» የሚለውን አባባል ነው። ይህን የሚል ሰው በአንድ የሰፈር ዕድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ አያውቅም ማለት ነው። እዚያ ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ቆሞ ያነባል፤ ገንዘብ ያዡ ስንት እንደ ገባ፣ ለማን ቀብር ስንት እንደ ወጣ፣ ለድንኳን መስፊያ ስንት እንደ ተከፈለ እስከ ሳንቲሙ ይዘረዝራል፤ አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው «የወንበሩ ኪራይ ባለፈው ወር አልተነገረም ነበር» ሲሉ ሰብሳቢው ይቅርታ ጠይቆ መዝገቡን ያስከፍታል። ማንም አሰልቺ ነው ብሎ አይወጣም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የእርሱ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ መዝገቡም በፊቱ ተከፍቷል። ነዋሪው በከተማው ምክር ቤት ሥራ ላይ ፊቱን ያዞረው ዝርዝር ስለማይወድ ሳይሆን መዝገቡ በፊቱ ስላልተከፈተለት ነው።

ወረቀቱ አስቀድሞ ይውጣ

እንግዲህ ፍርዴን ስናገር፣ ነዋሪው ሊጠይቅ የሚገባው ተመራጮቹ ለምን አይከራከሩም ብሎ ሳይሆን ወረቀቱ የት አለ ብሎ ነው። ጉባኤው በግልጽ መካሄዱ፣ በመገናኛ ብዙኃን መተላለፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን አጀንዳውን ከጉባኤው በኋላ በዜና የሚሰማ፣ ረቂቁን አዋጅ ከጸደቀ በኋላ የሚያነብ ሰው፣ የተዘጋ ጉዳይ ተመልካች ነው እንጂ ተሳታፊ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ነገር አለው። ያ ምክር ቤት 15 አባላት ብቻ ያሉት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣውና በአመንጪው ስም የብራውን ሕግ ተብሎ የሚጠራው የካሊፎርኒያ ሕግ ዛሬ በሚሠራበት መልኩ፣ የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ለሕዝብ እንዲለጠፍ ያስገድደዋል፤ በአጀንዳው ላይ ባልሰፈረ ጉዳይ በመደበኛው መንገድ ውሳኔ እንዳይሰጥ ይከለክለዋል፤ ማንኛውም ሰው ከውሳኔ በፊት ስለ ጉዳዩ ቆሞ የመናገር መብት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በፌርፋክስ ጎዳና ላይ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተሰባሰቡበት ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም የተወሰነው በዚህ ምክር ቤት ነው፤ ስደተኛው ማኅበረሰብ በባዕድ ከተማ ውስጥ ስሙን በጎዳና ላይ ለመትከል የበቃው ነገሩ የት ቀርቦ የት እንደሚወሰን አውቆ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ሥርዓቱን ተከትሎ ስለ ሄደ ነው። እዚያም ቢሆን ሁሉ ነገር የተቃና ነው ማለቴ አይደለም፤ በዚያ ምክር ቤት አባላት ላይ የሙስና ፍርድ ደርሶ ያውቃል። ነገር ግን ወረቀቱ አስቀድሞ መውጣቱ ለነዋሪው መያዣ ሰጥቶታል፤ ሲበደል የት እንደ ተበደለ ያውቃል።

በአዲስ አበባ ይህን ለማድረግ የሚያግድ ነገር አይታየኝም። አጀንዳውና ረቂቅ አዋጁ ከጉባኤው ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት በዐሥራ አንዱ ክፍለ ከተሞችና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የእጅ ስልክ ያለውም በስልኩ ያንብበው። ቋሚ ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ ወደ እርሱ ከመጣው ረቂቅ ላይ የለወጣቸውን አንቀጾች ከነምክንያታቸው ለይቶ አብሮ ያቅርብ፤ ምንም ካልለወጠም ምንም አለመለወጡን በግልጽ ይናገር። የጸደቀው ቃለ ጉባኤ ለማንም ጠያቂ ይሰጥ፤ በእርሱም ላይ የቢሮ ኃላፊዎች የገቡት ቃል ከነቀኑ ለብቻው ተዘርዝሮ ይያያዝና በሚቀጥለው ጉባኤ መጀመሪያ ላይ የተፈጸመውና ያልተፈጸመው ይነበብ። የኦዲተሩም ሪፖርት ለምክር ቤቱ በቀረበበት ዕለት ለሕዝብ ይውጣ፤ በሪፖርቱ የተነሡ መሥሪያ ቤቶች የሰጡት መልስም እንዲሁ።

ለዚህ ሁሉ ቻርተሩን ማሻሻል፣ ጉዳዩንም ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መውሰድ አያስፈልግም፤ ምክር ቤቱ ራሱ የሚተዳደርበትን የአሠራር ደንብ በጥቂት አንቀጾች ማሟላት ይበቃል። ደንቡን የማውጣት ሥልጣን የምክር ቤቱ ነው፤ ሐሳቡን ለማቅረብም አንድ ቋሚ ኮሚቴ ወይም ከ138ቱ መካከል ጥቂት ፈቃደኛ ተመራጮች ይበቃሉ፤ የመጪው ዓመት በጀት ወደ ኮሚቴ ከመመራቱ በፊት ሐሳቡ በአጀንዳ ከተያዘ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራው የሚሆነው በዚያው የበጀት ረቂቅ ላይ ነው።